መረቁን ድመቷ ጨርሳዋለች

አርዲቦ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለዙሌይካ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጥርሴ ብቻ ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቶት አንድ በአንድ እየተሰናበተኝ ነው። አክስትሽ ሒክማ ደህና ናት። ድመቷ ደህና ናት። ሐይቁም ከቦታው አልሄደም። ከዚህ አገር የሄድሽው አንች ብቻ ነሽ።

የላክሽውን ብጣሽ ወረቀት ሾፌሩ ባድሩ ከሚኒባሱ ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። «ስልክ ለምን አያነሱም?» ይላል። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፣ ቁርጥ መጥሪያ። ፍርድ ቤት የገባ ሰው ሰላምታ ይተዋል እንዴ?

መልሴ ይኸው። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ስልክ ባለጌ ነው፤ ሰው ሲሰግድ ይጮሃል፣ ሰው ሲጎርስ ይጮሃል። ደብዳቤ ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ እስኪከፍቱት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከእንግዲህ የምትፈልጊኝ ከሆነ ጻፊ። የእጅ ጽሑፍሽም ይሻሻላል፤ ዶሮ ጭራ የሄደችው ይመስላል።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። መስጊድ በር ላይ ሰው ሁሉ «የልጅህ ልጅ አምባሰል ምን ሆና ሄደች?» ይለኛል። ዳኛ ናት? አይደለችም። ጠበቃ ናት? አይደለችም። ጨንቆኝ «የሁሉም አለቃ ናት» አልኩና ዘጋሁት። ከዋሸሁ አርሚኝ።

ሌላም አለ። የሄድሽ ዕለት ጠዋት ከፊቴ ተንበርክከሽ ስትነሽ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር። ባድሩ በእጁ ሲጠራሽ ሳልጠይቅሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፎ ማሽላው አፈራ፤ አንች ግን ብቅ አላልሽም። ማን ነው ያስቀየመሽ? ስሙን ንገሪኝና ጥርሴ ሳያልቅ ልንከሰው።

አያትሽ ሙዘይን


ወይራ አምባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎን አላህ ያብዛልዎ። ለአክስቴ ለሒክማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስደውልላት «ደህና ናቸው» ብቻ ብላ ስለምትዘጋብኝ ነው ወረቀት የላክሁት።

አለቃ ናት ብለው አልዋሹም፤ እውነትም አልተናገሩም። እኔ እዚህ ወይራ አምባ ያለው የአምባሰል ወረዳ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። ዳኛው ፍርድ ይሰጣሉ፤ ለፍርዱ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ችሎቱ በሰዓቱ እንዲከፈት፣ መዝገቡ ከመደርደሪያው እንዲገኝ፣ መጥሪያው ከባለቤቱ እጅ እንዲገባ፣ ጸሐፊ ሲታመም ሌላ እንዲተካ፣ የሽንት ቤቱ ቧንቧ ውሃ እንዲኖረው። ሁሉም ከተሟላ ማንም አያየኝም። አንዱ ሲጎድል «ኃላፊዋ የት አለች?» ይባላል።

መዝገብ ቤቱን የምትመራው የሺሀረግ ይህ ወንበር ለእሷ ይገባ ነበር ትላለች። ምናልባት እውነቷን ነው። ባለጉዳዮችን በስማቸው እየጠራ ችሎት የሚያስገባው አራጋው አባቴን የሚያህል ሰው ነው። ሳዝዘው «እሺ ልጄ» ይለኛል። «እሺ ልጄ» ይልና ይተወዋል። እኔ ደግሞ ገና ተጠባባቂ ነኝ። ሹመቱ የሚጸናልኝ ሥራዬ ተመዝኖ ነው። ስለዚህ አፍ እንዳይከፈትብኝ ዘመድ የሚባል ቢሮዬ ድርሽ እንዳይል ብያለሁ።

ስለ ጠቆረው ፊቴ ጠይቀውኛል። የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።

እናቴ ጅዳ ናት። እኔን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ሥራ ሲይዝ ምርቃት ይዞ ነው ከቤት የሚወጣው። ያን ዕለት ጉልበትዎን ስሜ «አባባ፣ መርቁኝ» አልኩ። እርስዎ «መረቁን ድመቷ ጨርሳዋለች» አሉኝ። የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ቀልዳቸው ነው፣ አሁን እጃቸውን ራሴ ላይ ያደርጋሉ ብዬ እንደተንበረከክሁ ቆየሁ። አላደረጉም። ስቀው ቁራሽ ዳቦ አስያዙኝ።

ይህን ወንበር መያዜን አልወደዱትም ማለት ነው ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ደወልኩ፤ አላነሱም። ሳይመረቅ የወጣ ሰው እንዴት ብሎ ሰው ያዛል? አራጋው «እሺ ልጄ» ባለኝ ቁጥር ያች ድመት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች።

ዙሌይካ


አርዲቦ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዙሌይካ ዓይኔ፤

ደብዳቤሽን ቤት ውስጥ አነበብኩት። ከዚያ ሒክማ እንዳታየኝ ጓሮ ወጥቼ ደገምኩት።

ድመቷን ጠየቅኋት፤ አልካደችም። መረቁን በእርግጥ ጨርሳዋለች።

ስለቀረው ነገር ግን በወረቀት አልመልስልሽም። ምርቃት እጅ ይፈልጋል፣ የሚጫንበት ራስ ይፈልጋል፣ «አሚን» የሚል አፍ ይፈልጋል። የባድሩ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ብልክልሽ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ላይ አንዱ ተሳፋሪ የኔ ነው ብሎ ይዞት ይወርዳል። ነይ ብልሽ ሥራ በዛብኝ ትያለሽ። ልምጣ እንዳልል ዘመድ ከልክለሻል። የከለከልሽውም መልካም ነው፤ እኔም ብሆን እንደኔ ያለ ዘመድ ቢሮዬ አላስገባም።

አንድ የሕግ ነገር ግን አማክሪኝ። ጁማን ታውቂዋለሽ፣ እናንተ ዘንድ አምባሰል የሚኖረውን የልጅነት ጓደኛዬን። አንድ ሙክቴን ላደልብልህ ብሎ ወሰደ። አሁን ሙክቱ ካንተ ይልቅ እኔን ለምዷልና አልመልስም ብሎ ድርቅ አለ። ተከሳሽ የሚከሰሰው በሚኖርበት ወረዳ ነው ይባላል። እውነት ነው? ባለጉዳይስ ግቢያችሁ መግባት ይፈቀድለታል ወይስ ባለጉዳይም ከልክለሻል?

አያትሽ


ወይራ አምባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ፤

እባክዎን ይህን አያድርጉ።

አዎ፣ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ነው። ነገር ግን አባባ ጁማ እንኳን ሙክት በሬያቸውንም ቢጠይቋቸው ነድተው እንደሚያመጡልዎ አውቃለሁ። ሁለታችሁ ተማክራችሁ የፈጠራችሁት ነገር እንደሆነ ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም።

ለእኔ ይህ ጨዋታ አይደለም። ዘመዴ መዝገብ ከከፈተ ጉዳዩን እንደማልነካ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብኝ። ቀጠሮው ቢቀርብ «አያቷ ስለሆኑ ነው» ይባላል። ቢርቅ እርስዎ በመንገድ ይንገላታሉ። አንድ ሰው እንኳ «ለዘመዷ አደላች» ካለ ተጠባባቂነቴ እዚያው ላይ ያበቃል። ካበቃም ያለ ሥራ፣ ያለ ምርቃት አርዲቦ እመለሳለሁ።

የጠየቅሁዎትንም አልመለሱልኝም። የመረቁ ነገር ቀልድ ነበር ወይስ እንቢታ? ያን ብቻ ይንገሩኝ። ቀልድ ከነበረ እኔም ልስቅ እሞክራለሁ።

ዙሌይካ


አርዲቦ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበርሽ ኃላፊ ሆይ፤

ደብዳቤሽና ክሴ መንገድ ላይ ተላለፉ። ወቀሳ ካለሽ ባድሩን ውቀሽ፤ እኔን ሲያሳፍር እንደ ንፋስ ይበራል፣ ያንችን ደብዳቤ ሲይዝ ጎማ ይቀይራል።

ከበራችሁ ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ሸጋ አድርጎ ጻፈልኝ። ሙክቱን «የከሳሽ የዓይን ማረፊያ» አለው። ሙክቱ ይህን ቢሰማ ይኮራል። ከዚያ መዝገብ ቤት ገባሁ። የተቀበለችኝ ሴት የሺሀረግ የምትያት መሆን አለባት። ብዙ ነገር ጠየቀችኝ። ለሁሉም «አዎ» አልኋት። ሰው «አዎ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ፈገግ አለች።

አንችንም በመስኮት አየሁሽ። ወረቀት ላይ አጎንብሰሽ እስክሪብቶ ትነክሻለሽ። ያን አመል ገና አልተውሽም? ከስተሻል። ሰላም ልልሽ አሰኘኝና ተውኩት፤ ባለጉዳይ ነኛ።

ቀጠሮዬ ኅዳር 18 ነው። ጁማም ሙክቱን እየጎተተ ይመጣል፤ ኤግዚቢት ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። የዚያን ዕለት ችሎት ፊት ቆሜ የምናገረው አለኝ። ጥያቄሽም የሚመለሰው ያኔ ነው። አብሽሪ፣ አላዋርድሽም።

ከሳሽ ሙዘይን ሐቢብ


ወይራ አምባ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባዬ፤

ይቅር በሉኝ። ደብዳቤ በይቅርታ አይጀመርም፤ ዛሬ ሌላ መጀመሪያ አጣሁለት።

ትናንት መዝገብዎ ሲጠራ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ጉዳዩን እንደማልነካ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ ደጅ መውጣትም እንደ መንካት መሰለኝ። መስኮቱ ግን ወደ ግቢው ነው። እርስዎ ነጭ ኮፍያዎን አድርገው ከወይራው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ጁማ የሉም። በኋላ እንደሰማሁት ሙክቱ ገመዱን በጥሶ ገበያ ገብቶ እሱን ሲያሯሩጡ ነበር።

አራጋው በሩ ላይ ወጥቶ «ከሳሽ ሙዘይን ሐቢብ!» ብሎ ተጣራ። እርስዎ ፊት ለፊት ያዩታል። ፈገግ ብለው እጅዎን ደረትዎ ላይ አደረጉ። ደገመ። ራስዎን ነቀነቁ። ሠለሰ። አሁንም ፈገግ አሉ።

ያኔ ምን እንዳልኩ ልንገርዎ። «በሠራተኞቼ ፊት ደግሞ ቀለዱብኝ» አልኩ። መጋረጃውን ሳብኩት።

«ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም» ተባለና መዝገቡ ተዘጋ።

ከሥራ ልንወጣ ስንል አራጋው ቢሮዬ ገባ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«ልጄ፣ ዛሬ የዘጋነው መዝገብ ሆዴን በላኝ።»

«የቱ?»

«የአያትሽ። እያዩኝ ነው የጠራኋቸው። መጀመሪያ ‘ወዓለይኩሙ ሰላም’ አሉኝ። ስደግም ‘አልሐምዱሊላህ፣ ቤተሰብ ደህና?’ አሉኝ። ያኔ ተረብ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ልጄ፣ እኝህ ሰው አይሰሙም።»

የሺሀረግ ከኋላው ቆማ ነበር። «እኔም ዘንድ ከሳሽ ነዎት ስላቸው አዎ አሉ። ተከሳሽስ ነዎት ስላቸው አዎ አሉ» አለች። አልሳቀችም። «የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው» አለች።

መርቁኝ። መረቁን። አባባ፣ ሁለቱን ቃል እየደጋገምኩ በአፌ አላመጥኋቸው። ጆሮ ካልረዳ ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው?

ሮጬ ወጣሁ፤ ሄደዋል። ዘበኛው «ችሎቱ ተነሥቷል ብዬ በእጄ አሳየኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ» አለኝ። ዘበኛውን መርቀውታል፣ አባባ።

ዛሬ ጠዋት ዳኛውን አስፈቅጄ ሠራተኞቹን ሰበሰብኩ። ከእንግዲህ ሰው «አልቀረበም» የሚባለው አራጋው ግቢውን ዞሮ የተቀመጠውን ሁሉ ትከሻውን ነክቶ ከጠየቀ በኋላ ነው አልኩ። መስማት የሚቸገር ባለጉዳይ ሲመጣ የሺሀረግ መዝገቡ ሽፋን ላይ ምልክት ታደርግለታለች። ምልክቱን የመረጠችው ራሷ ናት። አራጋው «እሺ ልጄ» አለ። አለና ወዲያው ወጥቶ ግቢውን ዞረ።

የእርስዎን መዝገብ ለማስከፈት ማመልከት ይችላሉ። እኔ አልነካውም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዙሌይካ


አርዲቦ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ አንጀት፤

ከመቼ ጀምሮ አልሽኝ። ከመሄድሽ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ቀን ሳይነጋ የሱብሂን አዛን ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረ። ሙአዚናችን ሙሀይሚን እንቅልፍ ጥሎት ነው ብዬ ልወቅሰው ዱላዬን ይዤ ብሄድ ሰዎች ሰግደው ሲወጡ አገኘኋቸው። ሙሀይሚንን ከነዱላዬ ቆሜ አየሁት። አንድ ነገር አለኝ፤ ምን እንዳለኝ አላህ ይወቀው። ያኔ ነው የገባኝ። ደህና አድርጌ ልሰድበው አስቤ ነበር፤ አቅፌው ተመለስኩ።

ሒክማን አትቆጪ። ለማንም እንዳትናገር ያስማልኋት እኔ ነኝ።

ለምን ደበቁ ትያለሽ። ተረበኛ ሰው ነኝ። ተረብ ግማሹ መናገር ነው፤ ግማሹ መልሱን መስማት። መልሱ ከቀረ ሰው ሳይሆን ራዲዮ መሆን ነው። ስለዚህ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ራስ ሲነቀነቅ እነቀንቃለሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ስቄ ሒክማ በክርኗ ጎኔን ደቃችኝ። ሌላው ሁሉ ተሳክቶልኝ ነበር። ያንች ግን አልተሳካም።

የዚያን ዕለት ከንፈርሽን አየሁ። «መረቁን» ያልሽ መሰለኝ። ከልጅነትሽ መረቅ ወዳጅ ነሽ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሆዷን ልትይዝ ነው ብዬ አሰብኩ። ድመቷ ቀድማሽ ስለነበር እውነቱን ነገርኩሽና ዳቦ ሰጠሁሽ። ስትሄጅ በሆዴ «ምርቃት ሳትጠይቀኝ ሄደች፤ የዘመኑ ልጅ እንዲህ ነው» ብዬ እኔም ተቀየምኩ። አየሽ፣ ሁለት ቂመኞች ለአንድ መረቅ።

ጥቅምት ላይ ስትጽፊልኝ ሁሉም ገባኝ። «አልሰማሁሽም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እስክሪብቶው እንቢ አለኝ። ስለዚህ በክስ መጣሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ «ክሴን ትቻለሁ፣ ኃላፊዋን ጥሩልኝ» ልል ነበር። አራጋውና የሺሀረግ እያዩ እጄን ራስሽ ላይ ላደርግ። ማን እንዳሳደገሽ፣ ማን እንደመረቀሽ እንዲያውቁልሽ። ሙክቱ አበላሸው።

ስለ አግዳሚው አትዘኝ። ያ ሰው በር ላይ ቆሞ ደጋግሞ ሰላም ሲለኝ፣ የልጄ ልጅ ሠራተኞች እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የተቀመጥኩት።

መዝገቡ እንደተዘጋ ይቅር። ጁማ እርቅ ጠይቋል፤ ሙክቱ ግን አልተጠየቀም። የፊታችን ቅዳሜ እዚህ አርዲቦ ይታረዳል። ነይ። ከፈቀዱ አራጋውንና የሺሀረግን ይዘሻቸው ነይ፤ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ለእሷ ከሐይቁ ቆረሶ ዓሣ አስጠብሼ እጠብቃታለሁ። ለድመቷም መጥሪያ ደርሷታል፤ ያን ዕለት ከቤት ትወጣለች።

አያትሽ


አርዲቦ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዙሌይካ፤

በሰላም መግባታችሁን ባድሩ በአውራ ጣቱ ነገረኝ። አልሐምዱሊላህ። የሺሀረግ የላከችልኝ ትልቅ ሰሌዳና ጠመኔ ደርሶኛል፤ ንገሪያት። መስጊድ በር ላይ ይዤው እቀመጣለሁ። የሚተርበኝ ሰው ይጽፍልኛል፣ እኔ በአፌ እመልሳለሁ። ሙሀይሚን ፊደሉ ስለሚንቀረፈፍ እስኪጽፍ ድረስ ሁለት መልስ አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።

«ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ገና አልተነሣችልኝም አልሽ። ግድ የለም፤ እኔም በዚህ ዱንያ ላይ ተጠባባቂ ነኝ። ወንበሩን በደንብ እንያዝ እንጂ የሚያጸናው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስትጽፊው እጅሽ እንዳፈረ ታውቆኛል። «ሙክቱ የታረደ ዕለት እያለቀስኩ ስለነበር ምን ብለው እንደመረቁኝ አልሰማሁም፤ ይጻፉልኝ» ትያለሽ።

እንግዲህ ከሁለታችን ደንቆሮው ማን ነው?

ምርቃት በሚኒባስ አይላክም ብዬ ነበር። ዋናው ራስሽ ላይ ስላረፈ ግልባጩን ልላክልሽ፤ መዝገብ ቤታችሁም ግልባጭ ይወዳል። እንዲህ ነበር ያልኩሽ፦

ቃልሽ ይሰማ። የጠራሽው ይምጣልሽ፣ የጠራሽም አይጣሽ። ደጅሽ የቆመ ስሙን ሳይሰማ አይመለስ። ተሿሚ ያድርግሽ፣ ሹመት ግን አያድርግሽ። ያረጀ «እሺ ልጄ» ሲልሽ ልጁ ሁኝለት። ከፊትሽ አላህ ይቅደም፣ ከኋላሽ የኔ ዱዓ ይከተል።

አንችም «አሚን» አልሽ። በየቱ ጆሮህ ሰማህ እንዳትይኝ። ራስሽ ከእጄ ሥር ዝቅ ሲል በመዳፌ ሰማሁት።

አያትሽ ሙዘይን